ሞገዱ ቃለ ጉባኤ ላይ ነው

(ደብረ ታቦር። የዐቢይ ጾም ወቅት ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ከጉና የሚወርደው ነፋስ የእትዬ ባንቺን ጠላ ቤት ቆርቆሮ ያንቋቋል። ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር አያ ጌጡ ጥጋቸውን ይዘዋል። ከፎገራ ዓሣ እያመጣ የሚሸጠው ደሴ ባዶ ቅርጫቱን እግሩ ሥር አስቀምጧል። ሙሉቀን ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ይገባል፤ አንገቱ ላይ የስብሰባ ባጅ ተንጠልጥሏል።)

ሙሉቀን፦ አለቀልን! ደካማ ነው ይላል።

እትዬ ባንቺ፦ ጠላዬን? ገና ሳትቀምሰው?

ሙሉቀን፦ ኧረ ጠላውን አይደለም እትዬ፣ ሞገዱን ነው። ጣና ዳር፣ ናበጋ ላይ የዛሬው ሞገድ “ደካማ” ተብሏል። የነገውም ደካማ። የከነገ ወዲያው “በጣም ደካማ”።

አያ ጌጡ፦ ማነው ያለው?

ሙሉቀን፦ ስልኩ።

አያ ጌጡ፦ ስልኩ ናበጋን ከየት ያውቀዋል?

ሙሉቀን፦ በሳተላይት ነዋ አያ ጌጡ። ይኸው ይመልከቱ፦ የሞገዱ ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር፤ አንዱ ሞገድ አልፎ ሌላው እስኪመጣ 3 ሰከንድ፤ ነፋሱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ አቅጣጫው ከሐይቁ ወደ መሬት። ከአምስት ኮከብ አንድ ሰጥቶናል።

ደሴ፦ አንድ ኮከብ ምን ይከፋል? እኔ ወረታ የማድርበት አልጋ ቤት ምንም የለው።

እትዬ ባንቺ፦ ቆይ ልጄ፣ ሞገድ ምን ሊያደርግልህ ነው?

ሙሉቀን፦ ሰርፊንግ ልንጀምር ነው እትዬ። ሰውዬው ሰሌዳ ይዞ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሞገዱ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ይቆምና ይንሸራተታል። ፈረንጅ ለዚህ ብሎ ዓለምን ይዞራል።

እትዬ ባንቺ፦ ተንሸራቶ ወዴት ሊሻገር?

ሙሉቀን፦ አይሻገርም። ወደ ተነሣበት ዳር ነው የሚመለሰው።

እትዬ ባንቺ፦ ታዲያ ለምን ገባ?

(ሙሉቀን ለዚህ መልስ ስልኩ ውስጥ ይፈልጋል። አያገኝም።)

ደሴ፦ ሰሌዳው መጥቷል ለመሆኑ?

ሙሉቀን፦ አንድ አሠርተናል፣ ለናሙና። እዚሁ አናጢ ዘንድ፣ ከባሕር ዛፍ።

ደሴ፦ እህ?

ሙሉቀን፦ ሰመጠ። እርጥብ ነበር። ግን ሌላው ዝግጅት ተጠናቋል። ባነር አለ፣ ቲሸርት ታትሟል፣ ኮሚቴው ሰባት አባላት አሉት፣ ማኅተምም ተቀርጿል። ማኅተሙ ላይ ያለውን ሞገድ ብታየው እንደዚያ ያለ ሞገድ ሕንድ ውቅያኖስም ላይ አይነሣ!

አያ ጌጡ፦ ስብሰባውን የት ነው የምታደርጉት? ናበጋ?

ሙሉቀን፦ እዚሁ ነው እንጂ። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ታቦር ነው። ደግሞ ታች ወበቅ አለ፣ ትንኝም አለ።

አያ ጌጡ፦ ከ2,600 ሜትር በላይ ካለ ተራራ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ውሃ እንዲነሣ ትወስናላችሁ። ውሃ ሽቅብ አይሰማም የእኔ ልጅ።

ሙሉቀን፦ አያ ጌጡ፣ እርስዎ እንኳ ባሕር አይተዋል፣ ቢያግዙን ነው እኮ የሚሻለው።

አያ ጌጡ፦ አይቻለሁ። ኤንትሬዬን ከነተሳቢው ይዤ፣ ሰርዶን፣ ኤሊዳርን፣ ማንዳንና ቡሬን አልፌ አሰብ እገባ ነበር፤ ግንቦት 1990 የመጣው ጦርነት መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። ነፋስ ካልክ የአሰብን ነው። በበጋው ከባብ ኤል መንደብ በኩል የሚመጣው አሸዋውን ከመሬት ቆንጥሮ እያነሣ ፊትህን ይገርፍሃል። በመስኮት አንገትህን አውጥተህ “ና ግባ!” ብትል ረዳትህ የሚሰማው ማግስቱን ነው። ግን ወሽመጡ ላይ ሰው ሞገድ ሲጋልብ አላየሁም። ውሃው ይንተከተካል እንጂ አይነሣም።

እትዬ ባንቺ፦ ያ ሁሉ ነፋስ እያለ?

አያ ጌጡ፦ ነፋስ ብቻውን ምን ያደርጋል? ቀይ ባሕር ጠባብ ነው። አሰብ ፊት ለፊት ደግሞ ደሴቶች ተደርድረዋል። ሞገድ እንደ ፎገራ ኮርማ ነው፣ ለመንደርደር ሜዳ ይፈልጋል።

ሙሉቀን፦ እሱስ ልክ ነዎት፤ እኔም ያነበብኩት ይህንኑ ነው። ውቅያኖስ ላይ ማዕበል ያስነሣው ሞገድ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። መንገድ ላይ ትንንሹ እየቀረ፣ ትልልቁ እየተራራቀና እየተስተካከለ ነው ዳር የሚደርሰው። በአንዱና በሌላው መካከል 12፣ 14 ሰከንድ ይኖራል፤ ሰውየው ተነሥቶ የሚቆምበት ጊዜ ያገኛል።

ደሴ፦ በ3 ሰከንድስ?

ሙሉቀን፦ በ3 ሰከንድ... በጥፊ ላይ ጥፊ ነው።

አያ ጌጡ፦ ጣና ከጫፍ ጫፍ ስንት ነው?

ሙሉቀን፦ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66። ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ።

አያ ጌጡ፦ እንግዲህ ሞገድህ ከዚህ ተነሥቶ ባሕር ዳር እንኳ አይደርስም። ሌሊት ያልተጓዘ ሞገድ!

ሙሉቀን፦ ቁመቱን ተዉት እሺ። የሚያናድደኝ አቅጣጫው ነው። ነፋሱ ከመሬት ወደ ውሃ ቢነፍስ ኖሮ የሞገዱን ፊት ቀጥ አድርጎ ያቆመው ነበር። ከሐይቁ ወደ መሬት ስለሚመጣ ግን ከኋላ ገፍቶ ያፈርሰዋል።

እትዬ ባንቺ፦ ለነፋሱ ደብዳቤ ጻፉለታ።

አያ ጌጡ፦ ግልባጭ ለጉና።

ደሴ፦ ነፋሱ እኮ ሌሊት ይዞራል።

ሙሉቀን፦ (ከወንበሩ ይነሣል) ምን አልክ?

ደሴ፦ ቀን ቀን ፀሐይ ሜዳውን ታግለዋለች፣ የሜዳው አየር ሞቆ ሽቅብ ሲሄድ ከሐይቁ ቀዝቃዛው እየሮጠ ይመጣል። ሌሊት ደግሞ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዝና ነገሩ ይገለበጣል፤ ከእናንተ ከደጋው በኩል ወደ ውሃው ይነፍሳል። ንጋት ላይ ናበጋ ብትቆም ነፋሱ ከጀርባህ ነው።

ሙሉቀን፦ በቃ! ንጋት ላይ እንጀምራለን! አንድ ኮከባችን ሦስት ሆነ!

ደሴ፦ ንጋት ላይ ግን ሞገድ የለም። ውሃው ጠፍጣፋ ነው።

(ሙሉቀን ይቀመጣል።)

አያ ጌጡ፦ ሞገድ ሲኖር ነፋሱ ጠማማ፣ ነፋሱ ሲቃና ሞገድ የለም። ይህንን ኮሚቴው ሰባት ሆኖ አላየውም?

ሙሉቀን፦ ናበጋ የሄደ አባል የለንማ! ለመስክ ጉብኝት የተያዘችው አበል በስብሰባ አለቀች።

እትዬ ባንቺ፦ ለሻይ ቡናውም እኔ ዘንድ ዱቤ አለ።

ሙሉቀን፦ እትዬ፣ ታላቅ ሐሳብ ሁልጊዜ ሲጀመር ይሳቅበታል። አፄ ቴዎድሮስ ጣና ላይ መርከብ ሊያንሳፍፉ አላሰቡም?

አያ ጌጡ፦ አስበዋል፤ እሱን አትንካብኝ። በ1858 ዘጌ ሰፍረው ሳሉ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በግራ በቀኙ በሰው እጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጠሙለት። ፈረንጅ በእንፋሎት የሚነዳው መርከብ አለው ሲባል ሰምተው፣ እሳቱ ቢቀር መንኮራኩሩን እንሞክር ብለው ነው። እዚህ ጋፋት ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልንም ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ አድርሰውታል። 7 ቶን ይመዝናል ይባላል። መጀመሪያ ዕቃው ተሠራ ልጄ፤ ያለ መድፍ የመድፍ ቲሸርት አላሳተሙም።

እትዬ ባንቺ፦ እሰይ!

ሙሉቀን፦ ቢሾፍቱ እኮ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞገድ በማሽን ያስነሣሉ። ትኬት ቆርጠህ ትገባለህ።

እትዬ ባንቺ፦ በማሽን? መብራት ሲጠፋስ?

ሙሉቀን፦ ሞገዱም... ያው ይጠፋል መሰለኝ።

እትዬ ባንቺ፦ እዚህ አምጡትና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚኖር አብረን እናያለን።

ደሴ፦ ሙሉቀን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውየው ዳር ላይ የሚወርደው የት ነው? አሸዋ ላይ?

ሙሉቀን፦ አሸዋ ላይ፤ ነጭ አሸዋ። ባነሩ ላይ አለ።

ደሴ፦ በእኛ በኩል ጭቃ ነው ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚውጥ። ርብና ጉማራ ከጉና ሲወርዱ ይዘውት የመጡት ነው። ከጭቃው ቀጥሎ ቄጤማና ደንገል፣ ከዚያ እምቦጭ።

አያ ጌጡ፦ ጭቃው የእኛ ነው። ከዚህ ደጋ ለጣና በየክረምቱ ያለማቋረጥ የምንልከው ነገር ቢኖር ታጥቦ የሄደ የእርሻ አፈራችን ነው። ዘንድሮ ደግሞ ኮሚቴ ጨመርንበት።

ሙሉቀን፦ እምቦጩን አንሥተነዋል፣ በአጀንዳ ሦስት። “እምቦጭ የሞገድን ጥራት የሚቀንስ ስለሆነ ትኩረት ይሰጠው” ብለን።

ደሴ፦ የሞገድን ጥራት! ታንኳችን ተቀርቅሮ መውጫ ሲያጣ፣ መረባችን ከሥሩ ተጠምጥሞ ሲበጠስ፣ ከብቱ ውሃ ለመጠጣት መንገድ ሲያጣ “ይታያል” ሲባል ኖሯል። አሁን ፈረንጅ ሊንሸራተትበት ነው ሲባል አጀንዳ ሆነ?

ሙሉቀን፦ አንተ ደግሞ፣ ዘመቻ ተደርጎ የለም እንዴ!

ደሴ፦ ተደርጓል። በ2013 ጥቅምት የአንድ ወር ዘመቻ ተብሎ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ ከእኛ ጋር ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ ነቅሏል፤ እግዜር ይስጠው። ግን እምቦጭ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይነሣል። የተረፈውንም ያው ያንተ ነፋስ ከሐይቁ መሐል እየነዳ እኛ ዳር ያራግፈዋል። እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሞገድ መጣ አይባልም፤ እምቦጭ መጣ ነው የሚባለው።

እትዬ ባንቺ፦ አገሩ የት ነው እሱ አረም?

ሙሉቀን፦ ደቡብ አሜሪካ፣ አማዞን።

እትዬ ባንቺ፦ ይኸው ቱሪስት መጥቶልሃል! አልመለስም ያለ ቱሪስት።

(ይሳቃል። ሙሉቀን ራሱ ሳይቀር። አያ ጌጡ ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን ያስተካክላሉ።)

አያ ጌጡ፦ ይሄ ቁጥር ግን፣ የነፋሱ፣ እውነቱን ነው?

ደሴ፦ ብዙ አልራቀም። ዛሬ ጠዋት ስመጣ የናበጋ ሰው ከሰዓት ይከፋል ብሎ ነበር።

አያ ጌጡ፦ ሰዓት በሰዓት ይናገራል እንዴ?

ሙሉቀን፦ ለሰባት ቀን፣ በየሦስት ሰዓቱ።

አያ ጌጡ፦ እንግዲያውስ ያንተ ኮሚቴ የያዘውን አላወቀውም። ለሰሌዳው “ደካማ” ያለው ለታንኳው ምንድን ነው ደሴ?

ደሴ፦ 25 ኪሎ ሜትር? 60 ሳንቲ ሜትር ሞገድ? ለታንኳማ ብርቱ ነው። ታንኳ የደንገል እስር ነው እኮ፤ ሲውል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ጠርዙም ከውሃው ብዙ ከፍ አይልም። ሰው ወይ እንጨት ተጭኖበት ከሆነ 3 ሰከንድ ልዩነት ያለው ሞገድ ፋታ አይሰጥህም፤ አንዱን ሳትቀዝፍ ሌላው ይደርሳል። የእኛ ሰዎች ንጋት ወጥተው እስከ ረፋድ የሚመለሱት ለዚህ ነው። ጉዳት የሚመጣው ሰው ሲቸኩል ነው፤ ገበያ ሲያመሸው ወይ በነሐሴ 24 ለክርስቶስ ሠምራ በጀልባ የሚሄደው ሕዝብ ሲበዛ።

አያ ጌጡ፦ ታዲያ ይህን ቁጥር ለባለ ታንኳው የሚነግረው አለ?

ሙሉቀን፦ ባለ ታንኳው እንዲህ ያለ ስልክ የለውማ፣ ቁልፍ ያላት ናት የያዘው።

አያ ጌጡ፦ ቁልፍ ያላትስ አጭር መልእክት አትቀበልም? “ነገ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፣ አትውጡ።” ይህን ለመጻፍ ስንት አበል ይፈጃል?

ሙሉቀን፦ አበል አይፈጅም። ችግሩም እሱ ነው፤ በጀት የሌለው ሥራ ዕቅድ ውስጥ አይገባም።

እትዬ ባንቺ፦ ቲሸርቱን ሽጡና የስልክ ካርድ ግዙበት።

ሙሉቀን፦ እትዬ፣ የመንግሥት ንብረት ነው፣ በጨረታ ነው የሚወገደው።

አያ ጌጡ፦ ለመሆኑ ዛሬ ምን ወሰናችሁ? ስብሰባ ላይ አልነበርክም?

ሙሉቀን፦ (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል) “ኮሚቴው የጣናን ሞገድ ወቅታዊ ሁኔታ በጥልቀት ገምግሞ፣ ሞገዱ ከዕቅድ በታች መፈጸሙን አረጋግጧል። ለአፈጻጸሙ ማነስ ምክንያቶቹ የነፋስ አቅጣጫ ችግርና የሐይቁ የስፋት ውስንነት ናቸው። ስለሆነም ሞገዱ ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት እንዲሸጋገር፣ የሐይቁ ስፋት ጉዳይም ለሚመለከተው አካል እንዲቀርብ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።”

ደሴ፦ ሐይቁ እንዲሰፋ?

ሙሉቀን፦ በሙሉ ድምፅ።

(ደሴ ቅርጫቱን ያነሣል። የወረታ መኪና ሳያመልጠው መሄድ አለበት።)

እትዬ ባንቺ፦ ሙሉቀን፣ ሌላው ቀርቶ ይቺን የነገዋን ነፋስ ለደሴ ጽፈህ ስጠው። ማኅተም አያስፈልጋትም።

ሙሉቀን፦ (በቃለ ጉባኤው ጀርባ እየጻፈ) ነገ ከሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ ከሐይቁ ወደ መሬት። እስከ አራት ሰዓት ጸጥ ያለ ነው። እያነበብክ ለሁሉም ትነግራለህ?

ደሴ፦ እኔ ለናበጋዎቹ እነግራለሁ። ቆራጣ፣ ደራ፣ ሊቦ ከምከም ዳር ዘመድ ያላችሁ ግን ዛሬ ማታ ደውሉላቸው፤ ነገ ከረፋድ በኋላ ታንኳ እንዳያወጡ።