ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት

ዓይደር ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ሳይመረምር አይፈርድም። ከአጥሩ ማዶ ጀበና ከበው የተቀመጡት የኳስ ሐኪሞች ግን ለምርመራ ጊዜ የላቸውም፤ ሊጉ ሳይጀመር መቐለ 70 እንደርታን ዋንጫ አስበልተውታል። ማን እንደፈረመ፣ ማን እንደለቀቀ ገና አልታወቀም።

“አቦይ፣ በረኛችን ማን ነው?” ብዬ ከመሃላቸው አንዱን አዛውንት ጠየቅኳቸው።

“ተው እባክህ፣ ዝርዝር ውስጥ አትግባ!” አሉኝ፣ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ እየመለሱ።

ማስረጃቸው አንድ ነው፦ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮንነት። በማግስቱ የኢኳቶሪያል ጊኒው ካኖ ስፖርት ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ እንደሸኘን ግን አይነሳም፤ ቡናውን ያመርረዋል። ከዚያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነት መጣ። ክለቡ ወደ ሊጉ የተመለሰው በ2017 ነው። የዚያን ዓመት ዋንጫ ኢትዮጵያ መድን ወሰደ። አሠልጣኙ? ገብረመድኅን ኃይሌ! የ2011ን ዋንጫ ለእኛ ያመጡት፣ በ2010 ደግሞ ጅማ አባ ጅፋርን ያነገሡት እኒያው ሰው።

ይህን ስነግራቸው አቦይ ፈገግ አሉ፦ “ታዲያ እሱም የኛ ዋንጫ አይደል?”

አንባቢ ሆይ፣ ውርርድ ካማረህ ጀበናውን ትተህ የአሠልጣኙን ወንበር ተመልከት።