ከፈረስ ወደ ሰጋር በቅሎ የመሸጋገር ጥናት

በሌላው ዓለም ትንሽ ሞተር ሳይክል ሲነዳ የኖረ ሰው ኑሮው ሲደላደል ወደ መካከለኛ ክሩዘር፣ ማለትም ለሽቅድምድም ሳይሆን ወገብን ሳያጎብጡ ረጅም መንገድ ለመሄድ ወደ ተሠራው ዝቅ ያለ ሞተር ይሸጋገራል፤ ለዚህም 349 ሲሲ የሞተር ይዘትና 191 ኪሎ ክብደት ያለውን ሮያል ኤንፊልድ ሜቲዮር ከመሰሎቹ ጋር ሲያስተያይ ወራት ይፈጃል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ ጥያቄ ሞተር ከመፈልሰፉ በፊት ተነሥቶ በሰጋር በቅሎ የተመለሰ ቢሆንም፣ መልሱ በወጉ ተመድቦ ስላልተጻፈ እያንዳንዱ ገዥ እንደ አዲስ ይታለላል። ይህ ጥናት ጉድለቱን ለመሙላት በቅሎዎችን በስምንት ምድብ ይከፍላል።

የበቅሎ መካከለኛነት በቁጥር የተረጋገጠ ነው፤ እናቷ ፈረስ 64፣ አባቷ አህያ 62 ክሮሞሶም፣ ማለትም ዘር የሚተላለፍበት ረቂቅ ክር ሲኖራቸው፣ እርሷ 63 ይዛ ትወለዳለች። በዚሁ ጎዶሎ ቁጥር የተነሣ ስለማትወልድ ገዥዋ ውርንጭላ አይጠብቅም፤ ዋጋዋ ግን ከአባቷም ከእናቷም ይበልጣል። ይህ ስሌት አይገባም ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። አባቷን ሲጠይቋት እናቷን ስለመጥራቷ የሚነገረውን በተመለከተ፣ ጥናቱ በቤተሰብ ጉዳይ አይገባም።

ፈረስ ክብር እንዳለው አይካድም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ሲሆን፣ በበቅሎው ስም የተጠራ ጀግና አልተሰማም፤ ሆኖም መኳንንቱ ፈረሳቸውን ለጦርነት እያስሳቡ መንገዱን የሚጓዙት በበቅሎ ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ብርድ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ሸለቆ ለሚወርድ ሰውም ስም ብቻውን አያደርሰውም። ቁልቁለት ላይ ፈረስ ይደፍራል፣ የሚፈራው ጋላቢው ነው፤ በቅሎ ግን ትቆማለች፣ ታያለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ኮቴዋን ታስቀምጣለች። በምታስብበት ጊዜ ጋላቢው ሐሳብ እንዲያዋጣ አይጠበቅም።

አንደኛው ምድብ ደንባራ ሲሆን፣ ቃጭል ካልተጨመረባት ትታለፋለች። ሁለተኛው ገጣባ፣ ማለትም ጀርባዋን ኮርቻ ያቆሰላት ናት፤ የምትታወቀውም ሻጩ ግላሷን ለማንሣት በሚያሳየው ስንፍና ነው። ዕድሜን በተመለከተ፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ቋሚ የፊት ጥርሶቿ ስለሚሟሉ እስከዚያ ያለው በጥርስ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በሻጭ መሐላ ይለካል።

ሦስተኛው ምድብ ሰጋር ነው፤ ጥናቱ የተጀመረውም ስለ እርሱ ነው። ስግሪያ በአንድ ጎን ያሉት የኋላና የፊት እግሮች ተከታትለው የሚነሡበት፣ ሶምሶማን የመሰለ መናጥ የሌለበት አካሄድ ነው። በገበያ ሲፈተን ሻጩ ይቀመጣል፣ ልጓሙን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ሜዳውን ደርሶ ይመለሳል፤ ከገዥው ጋር የመጡት ሽማግሌዎች በዚህ ጊዜ የሚያዩት በቅሎዋን ሳይሆን የጋላቢውን ጋቢ ጫፍ ነው፤ ጫፉ ካልዘለለ ሰጋር ናት ይባላል። ፈተናው እንከን የለበትም፤ ሆኖም የሰጋርን ንዑሳን ዓይነቶች ስለማይለይ ብዙ ቤት አስከፍቷል።

የገበያ ሰጋር ገመዷ ከእጅ ወደ እጅ እስኪዛወር ትሰግራለች፣ ከዚያ ሶምሶማ ትገባለች፤ ገዥው ሲመለስ ሻጩ በአክብሮት «ጌታዬ፣ እርስዎ አቀማመጥዎ ነው» ይለዋል፤ ይህንንም እስካሁን ማስተባበል የቻለ የለም። የመልስ ሰጋር ፊቷ ወደ ቤቷ ሲዞር ብቻ ስለምትሰግር የጉዞው እኩሌታ ሰጋር ናት፤ ዋጋዋ ግን እኩሌታ አይደለም። የአጀብ ሰጋር ሌላ ሰጋር ካልቀደማት አትነሣም፤ በዚህ ምክንያት በድንበር ከሚካሰሰው ጎረቤቱ ጋር ፊትና ኋላ ሆኖ ወደዚያው ችሎት የሚጓዝ ሰው ቢታይ እርቅ አድርጎ አይደለም። የባዶ ሰጋር ሰው ካልተቀመጠባት ብቻ የምትሰግር ስትሆን፣ ከሁሉ ይልቅ አካሄዷ የሚያምረው የእርሷ ነው፤ ውበቱንም በእግሩ የሚከተላት ባለቤቷ አጥግቦ ያየዋል፤ ሲመሽ ገብሱን የሚያበዛላትም ሳይወድ አይደለም። እውነተኛ ሰጋር የምትባለው ደግሞ የአንድ ሰው አያት የነበረቻቸው፣ ማንም ያልሸጣት፣ ሁልጊዜም የሞተች በቅሎ ናት።

አራተኛው ምድብ የሙሽራ በቅሎ ነው፤ ሙሽራዋንና ሚዜውን አንድ ላይ ተሸክማ፣ እልልታውንና ጥይቱን ታግሣ የምትሄድ ናት። ሰጋርነትና ይህ ትዕግሥት በአንዷ ላይ ከተገናኙ ለባለቤቷ ክፉ ዕድል ነው፤ እምቢ ማለት ስለማያምርበት ከጥር እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ በውሰት ይሰጣታል፤ ያችን በቅሎ ለመግዛት ፈረሱን የሸጠው ሰውም ወቅቱን በእግሩ ይሻገራል። አንድ እርካብ ጎድሏት ከብዙ ምርቃት ጋር ስትመለስ የሚቀጥለው ሙሽራ አባት ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

የቀሩትን አራት ምድቦች መመርመር አልተቻለም፤ ወሩ ጥር በመሆኑ ለጥናቱ የታሰቡት በቅሎዎች ሁሉ ሰርግ ላይ ናቸው።