ሳይጠሩት አቤት

ለክቡር የግራ ዓምድ ሹም
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳልጠራቸው የገቡ ደባሎች ቤቴን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ስምዎን አልጠራም። ኮምፒውተር ከፍቶ ፋይል የፈለገ ሰው ሁሉ ያውቅዎታል፤ መስኮቱ ሲከፈት በግራ በኩል ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። እኔ ደግሞ የኮምፒውተሩ ባለቤት ነኝ ባይ ነኝ። ደረሰኙ በእጄ ነው።

የምኖረው በፍራንክፈርት ሰሜን ጫፍ፣ ከኒዳ ወንዝ ዳር፣ ቦናመስ ነው። ፖስታ ሣጥኔ ላይ «እባክዎ ማስታወቂያ አይክተቱ» የምትል፣ ከሁለት ጣት የማትሰፋ ወረቀት ለጥፌአለሁ። ተራ ወረቀት እንዳትመስልዎ። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዲሴምበር 1988 ጉዳይዋን አይቶ፣ የቤቱ ባለቤት አልፈልግም ብሎ ከለጠፈ ማስታወቂያ አዳዩ ማክበር እንዳለበት ወስኗል። ይኸው የፒዛ ቤቱም የሶፋ ነጋዴውም ወረቀት ደጃፌ ደርሶ ይመለሳል። ደጄን በአንዲት ብጣሽ ያስከበርኩ ሰው፣ ጓዳዬ ውስጥ እርስዎን ማስቆም አቃተኝ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከላይ «ሆም» አለ፤ ቤቴ ውስጥ ሌላ ቤት መሆኑ ነው። ቀጥሎ በ2023 የመጣው «ጋለሪ» ፎቶዎቼን በቀን በቀናቸው ደርድሮ ይጠብቀኛል። ዝቅ ብሎ «ፒክቸርስ» እነዚያኑ ፎቶዎች ታቅፎ ተቀምጧል። መሃል ላይ ደመና ላይ የሠሩት መጋዘን አለ፤ እሱን ስከፍት ደግሞ ሌላ «ፒክቸርስ» ብቅ ይላል። አንድ የልደት ፎቶ በሦስት በር ይገባል፣ በሦስት በር ይወጣል። «ሙዚክ» ባዶ ነው፤ ዘፈን የምሰማው በስልኬ ነው። «ቪዲዮስ»ም ባዶ። እኔ የምፈልጋቸው ፎልደሮች ሁለት ናቸው፦ የማኅበራችን ሒሳብ ያለበትና የግብር ወረቀቶቼ ያሉበት። እነሱ ዘንድ ለመድረስ የማላውቀውን ሰው ሁሉ እንደምን አደራችሁ እያልኩ ማለፍ አለብኝ።

እንግዶችዎ ሲመጡ አያስፈቅዱ፣ ሲሄዱ አይሰናበቱ። በ2017 መገባደጃ «ስሪዲ ኦብጀክትስ» የሚባል ፎልደር መጥቶ ከዴስክቶፕም ከዶክመንትስም በላይ ጉብ አለ። እኔ ቤት ያለ ባለ ሦስት ገጽታ ዕቃ ጀበናና ስኒ ነው፤ እነሱም ኮምፒውተር ውስጥ አይገቡም። እንዳስወጣው ተራ ትእዛዝ አልተሰጠኝም። በ2021 ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ከዝርዝሩ ወጣ። አራት ዓመት ራስጌ ይዞ ተቀምጦ፣ ለምን እንደመጣ ሳይናገር የሄደ እንግዳ እስካሁን እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

የከፋው ግን የቅርብ ጊዜ ፋይሎቼን የሚደረድሩበት ነው። የፋሲካ ማግስት ቤተ ዘመድ ቡና ላይ ተቀምጦ ሳለ አማቴ «እስቲ ልጄ፣ የክርስትናውን ፎቶ አሳየን» አሉ። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ መስኮቱን ስከፍት፣ እርስዎ ከፎቶው ቀድመው በሳምንቱ የከፈትኳቸውን ሰነዶች በተርታ ለእንግዶቼ አቀረቡ። ከሁሉ በላይ «ሁለተኛ ማኑንግ» ይላል። ጀርመን ለሚኖር ሐበሻ ማኑንግ አይተረጎምለትም፤ ለሌላው አንባቢ፣ ያልከፈልከውን ዕዳ ክፈል የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ከሥሩ «የእቁብ ውዝፍ»። አቦሉ ሳይቀዳ ገመናዬ ተቀዳ። አማቴ ጨዋ ናቸው፤ «መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ምንም አይታየኝም» አሉ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር።

ላመስግንም፣ ይህኛውን መዝጋት ቀላል ነው። ከሦስቱ ነጠብጣቦች ገብቶ «ኦፕሽንስ»ን መክፈት፣ በመጀመሪያው ገጽ «ፕራይቬሲ» ከሚለው ሥር ያሉትን ምልክቶች ማንሳት፣ «ክሊር» የሚለውን መጫን ነው። እርስዎ የቸነከሯቸውን ፎልደሮችም በማውዙ ቀኝ ጫን ብሎ «አንፒን» ማለት ይቻላል። ግን በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ያስረከበ ሰው፣ ቁልፉ ምድር ቤት አለልህ ቢል ምስጋናው እስከምን ድረስ ነው?

ጋለሪን ለማስወጣት ደግሞ ይህም አይበቃም። መዝገብ ቤት መውረድ ያስፈልጋል፤ እናንተ ሬጂስትሪ የምትሉት። እዚያ እያንዳንዱ ደባል በእውነተኛ ስሙ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ስሙም በቅንፍ የታጠረ 32 ፊደልና ቁጥር ነው። አንዷን ሳይስቱ መጻፍ፣ ሥሩ «ሲስተም ነጥብ ኢዝ ፒንድ ቱ ኔምስፔስ ትሪ» የሚል መስመር ማበጀት፣ ዋጋውን ዜሮ ማድረግ። አገራችን ደብተራ በበሽተኛው ቁመት ልክ ብራና ቆርጦ ክታብ ይጽፋል፤ የሱስንዮስን ጸሎት ደግሞ ወርዝልያን ያባርራል፤ ክፉው የሚወጣው በስሙ ሲጠራ ነው። እኔ ይህ የድሮ ነገር ይመስለኝ ነበር። የ14 ዓመት ልጄ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ 32ቱን አንድ በአንድ ስታነበንብ፣ እናቷ ከኩሽና «ምን ዓይነት ድግምት ነው የምትደግሙት?» አለች። ጋለሪው ወጣ። አፕዴት በመጣ ቁጥር ግን ልቤ ይደልቃል።

ስለ ደመናው መጋዘን ብዙ አልልም፤ ንዴቴ ደብዳቤውን ያበላሸዋል። ፎልደሮችዎን ላስቀምጥልዎ ሲለኝ እሺ አልኩ፤ ቅጂ የሚይዝልኝ መስሎኝ። እሱ ዴስክቶፔን፣ ዶክመንትሴንና ፒክቸርሴን ከነሥራቸው ነቅሎ ወደ ራሱ ግቢ ወሰዳቸው። በነጻ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው፤ አንድ የሐበሻ ሠርግ ቪዲዮ ጢም ያደርገዋል። ሲሞላ ክፈል ይላል። አደራ ጠባቂ ሆኖ ገብቶ ኪራይ ጠያቂ ሆነ።

ሕግስ የለም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2023 ስድስት ኩባንያዎችን «በር ጠባቂ» ብሎ ሲሰይም ቤትዎ አንዱ ነበር። በዲጂታል ገበያዎች ሕግ መሠረት ከማርች 2024 ወዲህ ተጠቃሚው ከኮምፒውተሩ ጋር የመጡ መተግበሪያዎችን በቀላሉ እንዲያስወግድ መፍቀድ ግዴታችሁ ነው። እሰይ አልኩ፤ ቦናመስ አውሮፓ ነው። ኮምፒውተሬ ግን አውሮፓ አይደለም። የተገዛ ዕለት ልጄ ስታስነሳው አገር ምረጪ ቢላት፣ አባቴን ደስ ይበለው ብላ «ኢትዮጵያ» ብላለታለች። በእናንተ ደንብ ይህን መብት የሚወስነው ያን ዕለት የተመረጠው አገር ነው፤ ለመለወጥ ኮምፒውተሩን አራግፎ ከዜሮ ማስጀመር ነው። እኔ መኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ አልነግርዎትም። ኮምፒውተሬ ግን እስከዛሬ ያለ ወረቀት ቦናመስ ይኖራል። ወረቀት ቢያገኝስ? ሕጉ የሚያወራው ስለ መተግበሪያ ነው፤ የግራ ዓምዱ ሰልፈኞች መተግበሪያ አይደሉም ካላችሁኝ ያው በገሌ ነኝ።

ሲከፋኝ ወደ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ እወርዳለሁ። የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተሮች የሚያርፉበት፣ በጄኔራል ሞሪስ ሮዝ ስም የሚጠራ ሜዳ ነበር፤ ጦሩ በ1992 ለቀቀ። ከተማው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙውን ኮንክሪት ሰባብሮ እዚያው ተወው፤ በስንጥቁ ሣሩም ዛፉም በቀለበት። ከማኮብኮቢያው የተረፈው ላይ ልጆች በብስክሌትና ባለ ጎማ ጫማ ይከንፋሉ። ያን ሁሉ ኮንክሪት ማንሳት ከተቻለ አንድ ባዶ «ሙዚክ» ማንሳት ምን ይገድላል እያልኩ እመለሳለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከፖስታ ሣጥኔ ወረቀት የማትበልጥ አንዲት ቁልፍ ያኑሩልኝ፤ አልፈልግም ብዬ የነካኋትንም በሚቀጥለው አፕዴት አይርሱብኝ። የሚመጣው ወር የማኅበሩ ተራ እኔ ቤት ነው። እስከዚያ መልስዎ ካልደረሰኝ ፎቶውን አሳጥቤ በአልበም አቀርባለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የኮምፒውተሩ ባለቤት ነኝ ባይ፣ ቦናመስ

ግልባጭ፦ ለአማቴ፣ ከነመነጽራቸው