ሰርቨር ድሮ ቀረ

ምነው ሸዋ! ማሽን የሚባል ነገር እኮ በዓይን ይታይ ነበር። እናንተ የዘመን ባልንጀሮቼ፣ ደረጃ ስትወጡ ጉልበታችሁ የሚንቋቋ፣ የልጆቻችሁ ስልክ ሲጮህ የራሳችሁ መስሏችሁ ኪሳችሁን የምትዳብሱ ሁሉ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ማሽን ይታይ ነበር፣ ይዳሰስ ነበር፣ ሲያስቸግር በጥፊ ይባል ነበር። ዛሬ ልጄን "የእድሩ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር የታለ?" ብዬ ስጠይቀው ሳሎን ጥግ የተቀመጠች አንዲት ጥቁር ሣጥን ያሳየኛል። የቤተሰቡ ፎቶስ? እዚያው። የእህትህ የትምህርት ነገርስ? እዚያው። እኔ ማታ ማታ የማየው የድሮ ፊልምስ? "እሱም እዚያው ነው አባባ።" ሰባት ኮምፒውተር በአንዲት ቆርቆሮ ውስጥ! ከሰባቱ አንዱን እንኳ ያየ የለም፤ አሉ ይባላል፣ እኛም አሉ እንላለን።

ቨርቹዋላይዜሽን ነው ስሙ። ከሥር ሃይፐርቫይዘር የሚሉት አዛዥ ይቀመጥና ፕሮሰሰሩንም፣ ራሙንም፣ ዲስኩንም እየሸነሸነ ያድላል። የደረሰው ሁሉ "ይህ ማሽን የኔ ብቻ ነው" ብሎ አምኖ ይኖራል። ማታለል ማለት ይኼ ነው። ልጆቹ ደግሞ ትናንት የፈለሰፉት ይመስል ያወሩልኛል! አይቢኤም እኮ አንዱን ትልቅ ማሽን ለብዙ ሰው እያካፈለ፣ እያንዳንዱ የራሱ ማሽን ያለው እንዲመስለው ያደረገበትን ቪኤም/370 ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ። ያን ጊዜ ግን ሥራው ጥበብ ነበር፣ ክብርም ነበረው።

የመሥሪያ ቤታችንን የማሽን ክፍል ያያችሁት ካላችሁ መቼም አትረሱትም። በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ነጭ ጋዋን ይለበሳል፤ የሚያስለው ሰው አይገባም። ደመወዝ የራሱ ማሽን አለው፣ ንብረት የራሱ፣ ኢሜይል የራሱ። አንዱ የሌላውን ደጅ አይረግጥም። ደግሞም አንድ ቀን ተበላሽተው አያውቁም። ክረምት ጣራው ሲያፈስ ካልሆነ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ካልሆነ። አንድ ሰኔ ላይ ደግሞ፣ ያውም በጀት ሊዘጋ ሲል፣ አይጥ ገብታ ገመዱን የቆረጠመች ጊዜ ካልሆነ። ከዚያ ውጪ አልጋ በአልጋ ነበር። አንዱ የሞተ እንደሆነስ ምን ችግር አለው? ጨረታ ይወጣል፣ ጨረታው ይሰረዛል፣ እንደገና ይወጣል፤ በዚህ መሀል ደመወዝ በእጅ ይጻፋል። የሒሳብ ሠራተኞቹን የእጅ ጽሑፍ ያወቅነው በዚያ ምክንያት ነው፤ እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰላችሁ! ዛሬ ማን ይጽፋል?

ኢንተርኔት በ1989 አገራችን ሲገባም እንዲሁ ነበር። ሞደሙ እያፏጨ፣ መስመሩ እየተቆረጠ፣ አንዲት ኢሜይል እስክትከፈት ሰው ቡናውን ጠጥቶ፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ፣ ታርቆ ይመለስ ነበር። ትዕግሥትን የተማርነው ከዚያ ነው። አሁንማ ባንክ ብትሄዱ፣ ወረዳ ብትሄዱ "ሲስተም የለም" ነው። ድሮ "ኃላፊው የሉም" ይባል ነበር። ቢያንስ የሚጠፋው ሰው ነበር፤ ሻይ ቤት ተፈልጎ ይገኛል። ሲስተምን የት ሄደው ይፈልጉታል?

ቪኤምዌር የሚባለው ማሽን ሸንሻኝ ወደ መሥሪያ ቤታችን ሊገባ ነው ሲባል አጥብቄ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። "በውሸት ማሽን የእውነት ደመወዝ አይሠራም" ብዬ ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ይመስክር። ከዚያ አስገቡት፤ ከዚያ ለመድኩት፤ ከለመድኩት በኋላ ደግሞ ማንም እንዳይነካብኝ አልኩ። የለመዱትን መንጠቅ የዚህ ዘመን ሙያ አይደል? ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሮድኮም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ገዛው። ወር ሳይሞላው፣ አንዴ ገዝቶ ለሁልጊዜ መጠቀም ቀረ ተባለ። በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ሆነ፤ ያውም በፕሮሰሰር ኮር ቁጥር እየተሰላ፣ አንዱ ፕሮሰሰር ስምንት ኮር ብቻ ቢኖረው እንኳ እንደ 16 እየተቆጠረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር 100ን ለማለፍ ብዙም አልቆየ።

ሁለቱ በአንድ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያየሁት ሒሳብ ክፍል ነው። ኃላፊዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አድርጋ መልሳ አነበበች። ቁጥሩ ያው ነው። ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችና "ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ይሄ ማሽን በእውን የለም ሲሉ የነበሩት? ለሌለ ነገር ነው ይህን ሁሉ የምንከፍለው?" አለችኝ። ልጅቷ ድሮም ምላሷ ስል ነው።

ያኔ ነው የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ፕሮክስሞክስን ይዘው ብቅ ያሉት። ቪየና ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። ከሥሩ ዴቢያን ሊኑክስ አለ፤ ማሽን የመሸንሸኑን ሥራ የሚሠራለት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል የሆነው ኬቪኤም ነው። ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ዋጋውም ነፃ ነው። ነፃ! እኔ በነፃ የተሰጠ ነገር አይጥመኝም። ሲያስወድዱብን ዘረፋ ነው፤ በነፃ ሲሰጡን ደግሞ ምን አስበው ነው? ልጆቹ "ጋሼ፣ ጤና ሚኒስቴር እንኳ ከየጤና ጣቢያው ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ክፍት ምንጭ ነው" አሉኝ። "እሱ የጤና ነው" አልኳቸው። መልስ አጡ።

ድጋፍ ለሚፈልግ ክፍያ አለው፤ በዓመት፣ በፕሮሰሰር ሶኬት፣ በዩሮ። ያልከፈለ ሰው በገባ ቁጥር "ሕጋዊ የደንበኝነት ምዝገባ የለዎትም" የሚል ማስታወሻ ይደቀንበታል። የሳሎናችን ሣጥንም የምትሠራው በዚሁ ነው። አቤት ውርደት! የእድር መዋጮ አሳልፌ የማላውቅ ሰው፣ በገዛ ሳሎኔ፣ ገና ቁርስ ሳልበላ ያልከፈለ ተብዬ ልጠራ! ልጄ "ትታጠፋለች እኮ፣ ላጥፋልህ?" ቢለኝ ተቆጣሁት። ሰዎቹ ለፍተው ሠርተው፣ እንዲህች ያለች አንዲት ቃል ቢናገሩ ምን አለበት?

የመሥሪያ ቤቱ ሽግግር ሌሊት ነበር። ቪየናዎቹ መጋቢት 2016 ላይ ከቪኤምዌር የሚሰደደውን ማሽን እንዳለ የሚቀበል ማስገቢያ አውጥተዋል፤ ልጆቹ እሱን ተማምነው "ጠቅ ነው ጋሼ፣ ጠቅ ብቻ" አሉኝ። ጠቅ አደረጉ። ሊኑክሶቹ እንዳሉ ተሻገሩ። የደመወዙ ዊንዶውስ ግን ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ቀጥ አለ። ቨርትአይኦ የሚባለውን ድራይቨር ሳይዙለት ካዛወሩት አዲሱን ዲስክ አያውቀውም፤ ዲስኩን ካላወቀ ደግሞ አይነሳም። እሱ ተፈትቶ ሲነሳ ኔትወርክ የለም፤ የኔትወርክ ካርዱ አዲስ ሆኖ ስለታየው የቆየው አይፒ አድራሻ ከጠፋው ካርድ ጋር ቀርቷል። እነሱ ላብ በላብ ሆነው ጎግል ሲያገላብጡ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ "በሳታ አስነሱት፣ ድራይቨሩን ጫኑ፣ ከዚያ ወደ ቨርትአይኦ መልሱት" አልኩ። ከየት አወቁት ጋሼ? ሲሉኝ፣ ሰው በዕድሜው ያውቃል አልኳቸው። ዋዜማውን ቤት ባለችው ሣጥን ላይ ስሞክረው ማደሬ ለማን ይነገራል?

የቤቷን ሣጥን ያመጣት ልጄ ነው፤ እኔ የለሁበትም። ያገለገለ ኮምፒውተር ከመርካቶ ገዝቶ መጣ። ባዮሱ ውስጥ የኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን ተዘግቶ ኖሮ ምሽቱን ሙሉ "አልደግፍም" እያለ ሲያደርቀው ገብቼ ከፈትኩለት። ሁለተኛውን ዲስክ የጨመርኩት፣ ራሙን ያሳደግኩት፣ ዩፒኤሱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህ በቀር እጄን አላስገባሁም። ራሙን ለመግዛት እንኳ ስንት ተንከራተትኩ! ድሮ ፒያሳ ወርጄ የማውቀው ሰው ነበረኝ፤ ከመሳቢያው አውጥቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠኝ ነበር። በ2016 ሠፈሩ ሲፈርስ ሱቁም ሄደ፣ መሳቢያውም ሄደ። የሰጠኝ ራም ከገጠመልኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ሰው ነበር።

የምንኖርበት አዲሱ ገበያ ለሰርቨር የተመቸ ሠፈር ነው፣ ይኼን አልክድም። ከእንጦጦ ሥር ነን፤ ክረምት ሲገባ ብርዱ አስፈቅዶ አይገባም። መሥሪያ ቤቶች ለማቀዝቀዣ የሚያወጡትን ገንዘብ እኛ መስኮት በመክፈት እናገኘዋለን። ችግሩ በዚህ ብርድ ሊጥ አይቦካም። ባለቤቴ አንድ ቀን ከሣጥኗ ኋላ የሚወጣው ሙቀት ላይ እጇን አሞቀች። ሌላ ቀን ስመለስ ቡሃቃው ተጠግቷል። ሊጥ! ከሰርቨር ጎን! ጫማ አውልቆ፣ ጋዋን ለብሶ ይገባ የነበረ ሰው ይኼን ለማየት ኖረ። ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ዜድኤፍኤስ በየወሩ ሁለተኛው እሁድ ሌሊት ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የተበላሸ ነገር መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። ያን ሌሊት ሣጥኗ ትግላለች፤ ሊጡም ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶ ያድራል። ባለቤቴ መጋገሪያዋን በዚያ ነው የምትቆርጠው። ሥርዓት የጎደለው ነገር ነው ብዬ ሁልጊዜ እናገራለሁ፤ እንጀራው ግን ዓይኑ አይጣል ነው፣ ከድሮው ይበልጣል፣ ለማንም አታውሩ።

ስናፕሾት የሚሉት ደግሞ አለ። ማሽኑ አሁን ያለበትን ሁኔታ ይይዙታል፤ ከዚያ እንደፈለጉ ያበላሹታል፤ ከዚያ ጠቅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ነበረበት። ልጆች በዚህ እያደጉ እንዴት ነው ሰው የሚሆኑት? እኛ ስናጠፋ ጥፋታችን እስከ ጡረታ ይከተለን ነበር፤ ከፋይላችን ጋር ከመምሪያ መምሪያ ይዛወር ነበር። በርግጥ እኔም የእድሩን መዝገብ ከመክፈቴ በፊት አንድ ስናፕሾት አነሳለሁ። ከዘጋሁም በኋላ አነሳለሁ። ጥንቃቄ ሌላ ነው። ደግሞ ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም፤ ያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ይኼን ለልጆቹ ሁሉ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። የኔ ባክአፕ በውጭ ዲስክ ተይዞ ሽሮ ሜዳ እህቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጥልፍ ቀሚሶቿ ሥር ተቀምጧል።

መቼም ነገሩ በአንድ ሣጥን አልቆመም። ልጄ ሁለተኛ ጨመረና ሁለቱን ክላስተር ብሎ አጣመራቸው። አንድ ማታ መብራት ሄደ፤ ቤተሰቡ ሻማ ሲፈልግ እኔ ሁለቱን በሥርዓት ለመዝጋት ሮጥኩ። ሲመለስ አንደኛው ተነሳ፣ ሁለተኛው አልነሳ አለ። የተነሳውም ቢሆን ማሽኖቹን አላስነሳም፣ ምንም አይነካም ብሎ ተቀመጠ። ለካ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም! እድራችን ውስጥ ከግማሽ በላይ አባል ካልተገኘ ድንኳን እንኳ እንደማይገዛ ሁሉ፣ ከሁለት አባል አንዱ ሲቀር የቀረው ግማሽ ነው እንጂ ከግማሽ በላይ አይሆንም፤ ስለዚህ አይወስንም። እንዴት ያለ ጨዋ ማሽን ነው አልኩ በልቤ። ልጄ ምን አደረገ? "የሚጠበቀው ድምፅ አንድ ነው" የምትል ትእዛዝ ጽፎ ብቻውን እንዲወስን አደረገው። በቤቴ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት! በማግስቱ ራስበሪ ፓይ የምትባል፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር አምጥቼ ከቡፌው ላይ አኖርኳት። ሌላ ሥራ የላትም፤ ሦስተኛ ሆና ድምፅ ትሰጣለች፣ ትቀመጣለች። እድሩም ውስጥ እንዲህ ያሉ አባላት አሉን።

ይኸው ደግሞ ሐምሌ 2017 ላይ የፕሮክስሞክስ 9ኛው ሥሪት ወጣላችሁ። ስምንተኛው ምን በደላቸው? ድሮ አንድ ፕሮግራም ሲጫን ከጫነው ሰው ጋር አብሮ ጡረታ ይወጣ ነበር። ልጄ ግን "አትቸኩል አባባ፣ ትንሽ ይቆይ፣ እስቲ ሌሎች ይሞክሩት" ይለኛል። ስሙልኝ እንግዲህ፣ ወጣት አባቱን አትቸኩል ሲል! የይለፍ ቃሉን ቀይሬበታለሁ። ባክአፑ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ሊጥ አለመኖሩንም ከባለቤቴ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ የእድራችን አባላት፣ የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ መልስ መዋጮ ለመክፈል እንዳትመጡ፤ ሲስተም የለም።