አንድ ሰዓት ልጫወት ብዬ

ሰው ከሥራ ደክሞት ሲገባ አንዱ ዜና ያያል፣ አንዱ ሰፈር ወጥቶ ወሬውን ይሰልቃል። እኔ ጌም እጫወታለሁ። ሠላሳ ዓመት ማለፌን ዘመዶቼ በየበዓሉ ስለሚያስታውሱኝ እሱን እንለፈው። የኔ ምሬት ሌላ ነው፤ መጫወት አልቻልንም። ጊዜ አጥተን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ጊዜው ሲገኝም ጨዋታው አይገኝም።

መብራት ኖሮ፣ ኔትወርክ ኖሮ፣ ቤቱም ጭር ያለበት ምሽት ብርቅ ነው። ተገኘ እንበል። ማሽኑን አብርተህ፣ ጆይስቲኩን ይዘህ፣ ትራሱን ከጀርባህ አስተካክለህ ቁጭ ስትል አፕዴት አድርግ ይልሃል። ትናንት አድርጌ አልነበር? አድርገሃል፤ የትናንቱ የማሽኑ ነበር፣ የዛሬው የጌሙ ነው። ደግሞ መጠኑ! እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮል ኦፍ ዱቲ ‹ሞደርን ዋርፌር› እያበጠ እያበጠ ሄዶ ኮምፒዩተር ላይ ከ200 ጊጋባይት አልፎ ነበር። ይህን የሚሠሩ ሰዎች በሞባይል ዳታ የሚኖር ሕዝብ መኖሩን የሰሙም አይመስለኝ። እኛ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተን፣ ስልኩን ሆትስፖት አድርገን፣ ቻርጀር ላይ ሰክተን እንተኛለን። ጠዋት ስንነሳ 71 በመቶ ላይ ቆሟል። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር።

አፕዴቱ አለቀ። አሁንም አትጫወትም። ማንም አንብቦት የማያውቅ ውል ይመጣል፤ እስከ ታች ወርደህ ‹እስማማለሁ› ትላለህ። ከዚያ አካውንት ግባ። የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል። ኮድ ወደ ኢሜይልህ ልከናል። ኢሜይሉስ የየትኛው ዘመን ኢሜይል ነው? ልጫወት ሳይሆን የቀበሌ መታወቂያ ላሳድስ የሄድኩ ነው የሚመስለኝ፤ የቀረው ‹ነገ ተመለስ› የሚል ሰው ብቻ ነው። እሱም አይቀርም፣ ‹ሰርቨሩ ጥገና ላይ ነው› ብሎ ብቅ ይላል።

አካውንት ካነሳሁ አይቀር፣ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ከሰሃራ በታች በይፋ የሚያውቀው አገር ደቡብ አፍሪካን ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ሁላችንም እዚያ መዝገብ ላይ አሜሪካዊ ነን። አድራሻ ሲጠይቀን የኒውዮርክ ጎዳና ጽፈን ቦሌ ሚካኤል ቁጭ ብለናል። ስንት ጊዜ ዲቪ ሞልተን ያልደረሰን ሰዎች በዚህ በኩል ተሳክቶልናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሶኒ ‹ሄልዳይቨርስ 2›ን በኮምፒዩተር የሚጫወት ሁሉ የግድ ይህን አካውንት ያውጣ ሲል፣ አካውንቱ በማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከስቲም መሸጫ ተነሳ። የዓለም ተጫዋች ጮኸ፤ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ትእዛዙን ሻረ። ፈረንጅ የኛን ምሬት ሲያማርር ስሰማ ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

መግዛት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አብዛኛው የባንክ ካርዳችን እዚያ አይሠራም፤ ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ጊፍት ካርድ የሚሸጥ ልጅ ይፈለጋል። ብሩን ትልካለህ፣ ስክሪንሻቱን ትልካለህ፣ ከዚያ ልጁ ‹ኦንላይን› ነው አይደለም እያልክ ስትጸልይ ታመሻለህ። ትልልቆቹ ጌሞች እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ከ60 ዶላር ወደ 70 ወጥተዋል። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ 4,000 ብር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ተቀይሮ ዶላሩ መቶን ሲሻገር ያው ጌም ከ7,000 ብር አለፈ። ምን ተጨመረበት? አምና የነበረው ኳስ ጨዋታ ማሊያ ቀይሮ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስሙንም ቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ፊፋ ነው፣ ፊፋ ይቀራል። ከፍለህ ከገባህ በኋላ ደግሞ ‹ፓክ ግዛ› ይልሃል። ውስጡ ማን እንዳለ ሳታውቅ ነው የምትገዛው፤ ሮናልዶን አስበህ የማታውቀው የሦስተኛ ዲቪዚዮን ተከላካይ ይወጣልሃል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄ ቁማር ነው ብላ ስለተነሳች እዚያ በገንዘብ መሸጡ በ2019 ቆመ። ለቀረነው አምላክ ያውቃል።

እንግዲያው ጌም ቤት ሂድ የሚለኝ አይጠፋም። ሄጃለሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አምስት ሰው ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል፣ ሕጉም የታወቀ ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ደህናው ጆይስቲክ የባለቤቱ ጓደኛ እጅ ነው። ላንተ የሚሰጥህ ግራ አናሎጉ ልቅ የሆነው ነው፤ ሳትነካው ተጫዋችህ ወደ ኮርነር ይጓዛል። ከኋላ የማይከፍል፣ የማይጫወት፣ ግን ከሁሉ በላይ የሚያውቅ አንድ ልጅ አለ። ‹አቀብል! አቀብል እንጂ! ኧረ ይሄ ሰውዬ!› ይላል። ልትመታ ስትል ያኛው ፖዝ አድርጎ ስልኩን ያነሳል፤ ሲመለስ ምቱ ካንተ ጠፍቷል። ሰው በዚህ አገር ጌም ሲሸነፍ ጆይስቲኩ ያልተበላሸበት አላየሁም። እኔ ስሸነፍ ግን እውነትም ጆይስቲኩ ነው።

ድሮ ሲዲውን ትከታለህ፣ ኤክስን ትጫናለህ፣ በቃ። ፒኢኤስ 6 ላይ አድሪያኖን የያዘ ልጅ ከመሐል ሜዳ ሲመታ ኔትወርክ አልጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ እኮ ሲዲ ማስገቢያው ራሱ ለብቻው የሚገዛ ነው! ተውሰህ መጫወት፣ ጨርሰህ መሸጥ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር መለዋወጥ ድሮ ቀረ።

ሁሉም ተሳክቶ ኦንላይን ስትገባ ደግሞ ቤተሰብ አለ። ይህንን ያላየ ሰው አይኖርም።

‹አንተ ልጅ፣ አቦሉ ተቀዳ!›

‹እሺ እማዬ፣ ይቺን ልጨርስ።›

‹አቁመውና ና።›

‹አይቆምም እኮ።›

‹እንዴት ነው የማይቆመው? አጥፋዋ!›

‹ከሰው ጋር ነው የምጫወተው እማዬ፣ ልጁ ሞሮኮ ነው ያለው።›

‹ታዲያ እሱስ እናት የለውም?›

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ይንገረኝ። ተነስቼ ሄድኩ፤ ሞሮኳዊው ባዶ ሜዳ ላይ እንደ ልቡ አገባ። ባልነሳም ለውጥ የለውም ነበር፤ ሰርቨሩ አውሮፓ ስለሆነ እኔ ዛሬ የጫንኩት ቁልፍ እሱ ጋ የሚደርሰው ጎል አግብቶ ከጨፈረ በኋላ ነው።

ይሁን፣ ኦንላይኑም ይቅር፤ ብቻዬን ታሪክ ያለው ጌም ልጫወት። ወራት የፈጀ፣ ከተማው ሁሉ የተከፈተ፣ ፈረሱም መሣሪያውም የተሟላ ሴቭ አለኝ። በዓል ሲደርስ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳው ልጅ አለው፤ ልጁ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችውን ማሽን በዓይኑ ይለያታል። ‹ስጠው እንጂ፣ ልጅ አይደለም እንዴ? አንተ ትልቁ!› ትላለች እናቴ። እንግዳ ፊት ክርክር የለም፤ ሰጠሁ። ልጁ በዳቦ ቅባት የወዛ ጣቱን እየደነቀረ ‹አዲስ ጨዋታ› የሚለውን ያገኛል። ማሽኑ በእንግሊዝኛ የነበረው ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። እኔ ከወጥ ቤት ለስላሳ ይዤ እየመጣሁ ነው። ልጁ ‹የስ› አለና ተጫነው። እናቱ ወደ እናቴ ዞራ፣ ‹አየሽልኝ? እንግሊዝኛውን እኮ ራሱ ነው የሚያነበው!›