ሬንደሩ ያማረ ፔርኖ

በወላይታ ሶዶ ቶርኖ ቤቶች ላይ አንድ ቅሬታ አለ፤ ባለሙያዎቹ ትዕግሥት የላቸውም። የኮምፒውተር ዲዛይን የተማረ ወጣት መጥቶ ስለ ፖሊጎን፣ ስለ ሜሽና ስለ ሬንደሪንግ ሲያስረዳቸው ጸጥ ብለው አያዳምጡም። ገና ላፕቶፑ ሳይከፈት ካሊፐር ያነሣሉ። እንዲህም ብሎ ድፍረት!

የሚያቻኩላቸውም ይህን ያህል ከባድ ነገር አይደለም። ከቦዲቲ ወይም ከአረካ በሚኒባስ የመጣ የወፍጮ ቤት ባለቤት የተሰበረ ፔርኖ (ዘንግ) በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ደጅ ቆሟል። ወፍጮው አይዞርም፤ በቆሎ ተሸክመው የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ?

በስክሪኑ ላይ ያለው ፔርኖ እኮ በማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለው ዝገት የበላው አይደለም። ብረቱ ያብረቀርቃል፣ ከጎኑ ብርሃን ያርፍበታል፣ ከሥሩ ጥላ ይወድቃል፣ ማውስ ሲነካው ይሽከረከራል። የጎደለው ልኩ ብቻ ነው። ፑሌጃ የሚገባበት የ20 ሚሊሜትር ፔርኖ በትንሹ ፊደል «ኤች» 7 ልክ ይሠራ ከተባለ ከ20 ሊበልጥ፣ ከ19.979 ሊያንስ አይችልም። ለ21 ማይክሮን ብሎ ያን የመሰለ ጥላ መናቅ ነው እንግዲህ።

ፋይሉ በኤስቲኤል ከተላከማ ጨዋታው ይደምቃል። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ለ3ዲ ህትመት ተብሎ የወጣው ይህ ፎርማት ዕቃን በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ይገልጻል። እውነተኛ ክብ አያውቅም፤ 20 ሲልም ሚሊሜትር ይሁን ኢንች አይናገርም። ቶርኖ ከክብ በቀር ብዙ ሙያ የሌለው ማሽን መሆኑ የራሱ የቶርኖው ጥፋት ነው።

ጥፋቱ የቆየ ነው። ዛሬ በየሶፍትዌሩ ውስጥ ኩርባው በስሙ የሚጠራው ፒየር ቤዚዬ የሬኖ መሐንዲስ ነበር። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚያ ኩርባ ሒሳብ የደከመው፣ የመኪናው ቅርጽ በየሰው እጅ ሳይጣመም እስከ ብረት መቁረጫው ማሽን እንዲደርስ ነው። በሲትሮየን ቤት ፖል ደ ካስቴልዦ በ1959 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ሒሳብ ላይ ቢደርስም ኩባንያው ምሥጢር አድርጎ ያዘበት። ምስኪኖች! ኩርባው ብረት ለማያውቅ ሰው የአዳራሽ ማስዋቢያ እንደሚሆን አልታያቸውም።

እንግዲህ መፍትሔው ሥልጠና ነው። ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ያላት ከተማ ናትና አዳራሽ አይታጣም። ርዕሱ «የትዕግሥት ክህሎት ለቶርኖ ባለሙያዎች» ይሁን፤ በመጀመሪያው ቀን ሻደር፣ በሁለተኛው ቴክስቸር ይሰጥ። ሐሳብ ስለሚበትን ካሊፐር ይዞ መግባት ይከልከል፤ አበል ከሰዓት በኋላ በፊርማ ይከፈል። የምስክር ወረቀቱ ብቻ ቀደም ብሎ 210 በ297 ሚሊሜትር ተብሎ ይታዘዝ፤ ማተሚያ ቤት ልኩን ሳይነግሩት ወረቀት አይቆርጥምና።