ከሰማይ የሚወርድ ጥያቄ

በ1997 ዓ.ም. ግድም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየወረደ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት በጀመረ ጊዜ፣ ለአሶሳ ተማሪ የተጨመረለትን ጸጋ ለመገንዘብ፣ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣውን መምህር ማስታወስ ይበቃል፤ ይህ ሊቅ በእንግሊዝኛ «እስቲ አስቡበት» ካለ በኋላ፣ አፉን በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ ለፈታው ልጅ ጥቂት ሰከንዶች ይቸረውና፣ አንድም ድምፅ ሳይሰማ፣ «በጣም ጥሩ፣ ትክክል ነው!» ብሎ ያመሰግነዋል። ለአንዲት ምሥጢር ደቀ መዝሙሩን ሌሊቱን ሙሉ ሲሞግት የሚያድረው የቅኔ መምህር፣ ለካ ዘመኑን በከንቱ ኖሯል ያባከነው!

መብራት የጠፋ ዕለት ግን፣ የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቁሮ፣ ጥግ ይዞ የቆመው ባለጠመኔ መምህር «ለምን ይመስላችኋል?» ይልና፣ ልጆቹ እጅ ያወጣሉ፤ ይከራከራሉ፤ አልፎ ተርፎም መምህሩን ይጠይቃሉ። ይህን ሁከት ለማስታገሥ ጄኔሬተር የግድ ነው።